ሬድዮ መኪና ውስጥ የገባ ጊዜ

የዛሬው ንባባችን ስለ መኪና ሬድዮ ነው። ዘመኑን የምንቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ አገር፣ በቺካጎ ከተማ ነው። በ1928 ፖል ጋልቪን የሚባል ሰው ከወንድሙ ከጆሴፍ ጋር ትንሽ ድርጅት አቋቋመ። ሠራተኞቹ 5 ነበሩ። የሚሠሩትም የባትሪ ሬድዮ በቤት መብራት እንዲሠራ የሚያደርግ ዕቃ ነው። ታዲያ ብዙ ሳይቆይ ራሱ መብራት ላይ የሚሰካ ሬድዮ መጣ። በ1929 ደግሞ የአገሩ ገበያ ወደቀ። ጋልቪን ሌላ ሥራ ካልፈለገ መዝጋቱ ነው። ፊቱን ወደ መኪና አዞረ።

የዚያን ጊዜ ሬድዮ የሚሠራው በቫልቭ ነበር። ቫልቭ ማለት አምፖል የመሰለ፣ አየሩ የወጣለት ብርጭቆ ነው። ውስጡ ያለው ሽቦ ሲግል፣ ኤሌክትሮን የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ይፈሳሉ። መንገዳቸው ላይ እንደ ወንፊት ያለ ሽቦ አለ። ከጣቢያ የመጣው ደካማ ምልክት እዚያ ሲደርስ ፍሰቱን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የመስኖ በር በሉት፤ አንድ ሰው በእጁ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ያ ሁሉ ውሃ ይታዘዝለታል። ድምፁ የሚጎላው እንዲህ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የመኪናው ባትሪ 6 ቮልት ብቻ ነው። ሽቦውን ለማጋል ይበቃል፤ ኤሌክትሮኖቹን ለመሳብ ግን መቶ ቮልት ገደማ፣ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሌሎች ደረቅ ባትሪዎች ከወለሉ ሥር ይቀመጡ ነበር። ሲያልቁ እንደገና መግዛት ነው። ካንዴላው ብልጭ ባለ ቁጥር ደግሞ ሬድዮው ይንጫጫል፤ ጋልቪንና ሠራተኞቹ ይህን ዝም ለማሰኘት ብዙ ደክመዋል። አንቴና ለመዘርጋት የጣሪያውን ጨርቅ መቅደድም ነበረ!

በሰኔ 1930 የሬድዮ ፋብሪካዎች በአትላንቲክ ሲቲ ተሰበሰቡ። ጋልቪን ዕቃውን የሚያሳይበት ቦታ አልነበረውም። መኪናውን ደጅ አቁሞ ሬድዮውን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ሰው ከበበው፤ ትዕዛዝም አገኘ። ስሙንም ሞቶሮላ አለው፤ ሞተር ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ ነበር። ውድ ነው፤ የዚያን ጊዜ አዲስ ፎርድ መኪና እንኳ ከ500 ዶላር ባነሰ ይገኝ ነበርና።

ቆየት ብሎ የ6 ቮልቱን ኃይል ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ መጣ፤ ደረቅ ባትሪዎቹም ቀሩ። በ1947 ትራንዚስተር ተፈለሰፈ። በ1955 ክራይስለር የተባለው የመኪና ኩባንያ አንድም ቫልቭ የሌለው ሬድዮ አቀረበ። እስከዚያ ድረስ ሾፌሩ ሬድዮውን ከፍቶ ወዲያው ድምፅ አይሰማም፤ ቫልቮቹ እስኪግሉ ዝም ብሎ ይጠብቅ ነበር።