ወንበር የሌለው መንገደኛ ለምን ወረቀት ይጠየቃል?

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። በተለይ ስደት ላይ የወለዳችሁ እህቶች እስከ መጨረሻው ብታነቡት ደስ ይለኛል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ልጄ ገና ጨቅላ ነው፣ የሚቀመጠውም ጭኔ ላይ ነው፤ ታዲያ የራሱ የጉዞ ሰነድ ለምን ይጠየቃል?» ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱን ግን ትኬት ቆራጩ አይነግራችሁም፤ መልሱ ያለው ታሪክ ውስጥ ነው።

ከትኬቱ እንጀምር። አየር መንገዶች ከ2 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ወንበር ሳይያዝለት በወላጁ ጭን ላይ እንዲሄድ ይፈቅዳሉ። በዓለም አቀፍ በረራ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂ ትኬት 10 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ታክሲ ላይ ረዳቱ ለታዘለ ልጅ ሒሳብ አይጠይቅም። በአየር መንገዱም ዓይን ጨቅላ ማለት የእናቱ አካል ነው።

ድሮ በድንበር ጠባቂውም ዓይን እንደዚያው ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገበት ዘመን፣ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንጋኒካ የጋራ የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድም በዚያው ዓመት ሥራ በጀመረበት ዘመን፣ የብዙ አገሮች ፓስፖርት የልጆች ስም የሚጻፍበት ቦታ ነበረው። እናት አንድ ፓስፖርት ትይዛለች፤ ልጆቿ እዚያው ውስጥ ይሰፍራሉ።

ለስደተኛስ? የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የተጀመረው በ1922 ነው፤ ኖርዌጂያዊው ፍሪድትዮፍ ናንሰን አገር አልባ ለሆኑ ሩሲያውያን ያስገኘላቸው «የናንሰን ፓስፖርት» የሚባለው ወረቀት ነው። ከዚያ የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት መጣ። አንቀጽ 28 አባል አገሮች በግዛታቸው በሕጋዊ መንገድ ለሚኖሩ ስደተኞች የጉዞ ሰነድ እንዲሰጡ ያዛል። ከስምምነቱ ጋር የተያያዘው ሠንጠረዥ ሁለተኛ አንቀጽ ደግሞ፣ ሰነዱን የሚሰጠው አገር ደንብ እስከፈቀደ ድረስ ልጆች በወላጃቸው ሰነድ ውስጥ ሊካተቱ እንደሚችሉ፣ በልዩ ሁኔታም በሌላ አዋቂ ስደተኛ ሰነድ ውስጥ ሊገቡ እንደሚችሉ ይናገራል። ይህን የጻፉ ሰዎች ከጦርነት የወጣ ቤተሰብ ምን እንደሚመስል ያውቁ ነበር። እናት የሞተችበትን ልጅ አክስት ወይም ጎረቤት ይዛው ልትወጣ እንደምትችል ገብቷቸዋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1969 አዲስ አበባ ላይ ባጸደቀው የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 6 ስለ ጉዞ ሰነድ ደንግጓል።

ታዲያ ያ በር እንዴት ተዘጋ? የዘጋው ማሽን ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1980 በማሽን የሚነበብ ፓስፖርት መመዘኛ አወጣ። ፓስፖርታችሁን ግለጡና ፎቶው ካለበት ገጽ ግርጌ ተመልከቱ። እያንዳንዳቸው 44 ፊደልና ቁጥር የያዙ ሁለት መስመሮች አሉ። እዚያ የሚገባው የአንድ ሰው ስም፣ የአንድ ሰው የልደት ቀን፣ የአንድ ሰው ጾታ ነው። ለሁለተኛ ሰው ቦታ የለም። «ለአንድ ሰው አንድ ፓስፖርት» የሚለው መርሕ ከዚህ ጋር እየጠነከረ መጣ። እንግሊዝ በ1998 ልጆችን በወላጅ ፓስፖርት መጻፍ አቆመች። በአውሮፓ ኅብረት ከጁን 2012 ጀምሮ በወላጅ ፓስፖርት የተጻፈ ልጅ በዚያ መጓዝ አልቻለም። በኖቬምበር 2015 ደግሞ በማሽን የማይነበቡ ፓስፖርቶች በዓለም ዙሪያ ከአገልግሎት እንዲወጡ የተቀመጠው ቀነ ገደብ ደረሰ።

እውነቱን ለመናገር መርሑ ራሱ መጥፎ አይደለም። ልጅ በሌላ ሰው ወረቀት ተሸፍኖ እንዳይሰረቅ፣ ከወላጆቹ አንዱ ሳያውቅ ድንበር እንዳይሻገር ይረዳል። ችግሩ ግዴታው በአንድ ወገን ብቻ መጫኑ ነው። ሕፃኑ ሰነድ እንዲያሳይ ይገደዳል፤ ሰነዱን በጊዜ የመስጠት ግዴታ ያለበትን ግን ማንም አይጠይቀውም።

ሁለተኛው ነገር ቅጣት ነው። እንግሊዝ በ1987 ባወጣችው ሕግ ተገቢ ሰነድ የሌለውን ሰው ያመጣ አየር መንገድ በአንድ መንገደኛ 1,000 ፓውንድ እንዲከፍል ደነገገች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 በዚሁ ጉዳይ ላይ መመሪያ አወጣ። ሌሎችም አገሮች ይህን መንገድ ይከተላሉ። ስለዚህ ሻንጣችሁን የምትመዝነው ልጅ ሳትፈልግ የድንበር ፖሊስ ሆናለች። ከተሳሳተች ድርጅቷ ይቀጣል፤ ከጠረጠረች ደግሞ መመለስ ይቀላታል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት እህት ከናይሮቢ ወደ ካምፓላ ለመብረር ስትዘጋጅ አብሬያት አየር ማረፊያ ሄጄ ነበር። እሷ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ አላት፤ ልጁ የተወለደው ግን ሰነዱ ከወጣ በኋላ ነው። አባትየው ካምፓላ ነው፤ ልጁን አይቶት አያውቅም። የሕፃኑን ትኬት ሲሸጡላት ስለ ሰነድ የጠየቃት አልነበረም። ቆጣሪው ጋ ስትደርስ ግን «አንቺ ትሄጃለሽ፣ ልጁ አይሄድም» አሏት። የሚጠባ ልጅ! አለቃ ተጠራ፣ ስልክ ተደወለ፣ በመጨረሻ ሻንጣዋ ተመለሰ። የትኬቱ ገንዘብ ግን አልተመለሰም። የልጁ ሰነድ ሲወጣ ልጁ ቆሞ መሄድ ጀምሮ ነበር። የአየር መንገዱን ስም አልጠራም፤ ሌላም ቢሆን ያው ያደርገው ነበር።

መንግሥታት ሲፈልጉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሜይ 1991፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ እስራኤል «ዘመቻ ሰሎሞን» ባለችው ሥራ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያንን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ አጓጓዘች። አንዱ ቦይንግ 747 ብቻ 1,088 ሰው ጫነ፤ በበረራው ላይ የተወለዱ ሁለት ሕፃናት በዚህ ቁጥር ውስጥ አሉ። ሰማይ ላይ የተወለደ ልጅ ፓስፖርት ሊኖረው አይችልም። ሲያርፍ ግን ተቆጠረ፣ ተመዘገበ፣ ሰው ሆኖ ገባ። ይህን የማነሳው በማንም ለመቅናት አይደለም። ፈቃድ ካለ ወረቀት ሰውን እንደሚከተል፣ ፈቃድ ከሌለ ግን ሰው ወረቀትን ሲከተል እንደሚኖር ለማሳየት ነው።

የሁሉም ሥር የልደት ምዝገባ ነው። የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር ከ1990 ጀምሮ እያንዳንዱ ሕፃን እንደተወለደ ወዲያው ይመዝገብ ይላል። አገራችን ኢትዮጵያ ብዙ ስደተኛ አስጠግታ እያለ፣ በምድሯ የሚወለዱ የስደተኛ ልጆች በመንግሥት የልደት መዝገብ መመዝገብ የጀመሩት ሕጉ ተሻሽሎ በኦክቶበር 2017 ነው። ከዚያ በፊት ከተወለዱት ብዙዎቹ ዛሬ ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ ጥፋቱ የፈረንጅ ብቻ አይደለም።

እስከዚያው እናንተ ማድረግ የምትችሉት፦

ልጅ እንደተወለደ የሆስፒታሉን ወረቀት ይዛችሁ የልደት የምስክር ወረቀት አውጡ። የሆስፒታሉ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ካምፕ ውስጥ ብትሆኑም «በኋላ» አትበሉ።

ልጁን በቤተሰቡ የስደተኛ ፋይል ላይ አስጨምሩ። ለሦስተኛ አገር ሠፈራ ተራ የምትጠብቁ ከሆነ እርግዝናውንም ወሊዱንም ሳትዘገዩ አሳውቁ። ሕፃኑ ፋይሉ ላይ እስኪገባ የመላው ቤተሰብ ጉዞ ሊቆም ይችላል።

የጉዞ ሰነድ ስታመለክቱ ለሕፃኑም ለብቻው አመልክቱ።

አንዱ ወላጅ ብቻውን የሚጓዝ ከሆነ የሌላውን የፈቃድ ደብዳቤ በፊርማ ይያዝ።

የሕፃኑ ሰነድ እጃችሁ ሳይገባ ትኬት አትግዙ። ብዙ አየር መንገዶች ከተወለደ 7 ቀን ያልሞላውን ጨቅላ እንደማይጭኑም አትርሱ።

ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ በየስብሰባው ይህን አንድ ጥያቄ አንሡልን፦ የስምንት ወር ልጅ ሰነድ ካልያዘ አይሳፈርም ካላችሁ፣ ሰነዱን በስንት ቀን ትሰጡታላችሁ? ቀኑ ተጽፎ ይሰጠን።

የገጠማችሁን ከታች ጻፉልኝ። የልጆቻችሁን ስምና የሰነድ ቁጥር ግን እዚህ አትለጥፉ፤ በውስጥ መስመር አድርጉት። ላልሰማች እህት አሰሙ።