ቤት የገባ የሌሊት ወፍ

የሌሊት ወፍ በክፍት መስኮት፣ በበር ወይም በጣሪያና በኮርኒስ መካከል ባለ ቀዳዳ ወደ መኖሪያ ቤት ልትገባ ትችላለች። አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ስታ የገባች ስለሆነች መብራት አጥፍቶ መስኮት መክፈት ይበቃል። ሆኖም መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት መልስ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ አለ፦ ሰው ነክታ ይሆን? ጥያቄው የሚነሳው የሌሊት ወፍ የእብድ ውሻ በሽታን (ሬቢስን) ከሚያስተላልፉ እንስሳት አንዷ ስለሆነች ነው።

ስያሜና የተሳሳተ ግንዛቤ

በአማርኛ «ወፍ» ትባል እንጂ የሌሊት ወፍ ላባ የላትም፣ እንቁላልም አትጥልም። ልጇን ወልዳ የምታጠባ፣ ጥርስ ያላት አጥቢ እንስሳ ናት። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ይታወቃሉ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚይዘው አጥቢ እንስሳትን ስለሆነ ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የበሽታው ስም ደግሞ በተቃራኒው ውሻን ብቻ ያስታውሳል። በኢትዮጵያ በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ስለሆነ ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። ነገር ግን አንዷ «ወፍ»፣ ሌላው «የውሻ በሽታ» ከተባሉ ሁለቱን አገናኝቶ የሚያስብ ሰው ብዙ አይደለም።

በአንዳንድ አካባቢ የሚፈራው ጥርሷ ሳይሆን ሽንቷ ነው። በቆዳ ላይ በድንገት ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣ «የሌሊት ወፍ ሸንታብኝ ነው» ይባላል። ከእነዚህ ሽፍታዎች አንዱ የሆነው አልማዝ ባለጭራ ግን የሚመጣው ቀደም ሲል ጉድፍ (የልጆች ፈንጣጣ መሰል በሽታ) ካስያዘና በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ከቆየ ቫይረስ ነው፤ ከሌሊት ወፍ ጋር ግንኙነት የለውም። የእብድ ውሻ በሽታም በሽንት ወይም በኩስ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በምራቅ ነው፤ ይኸውም በንክሻ፣ ወይም ምራቁ ቁስልን፣ ዓይንን ወይም አፍን ሲነካ።

ሰው ደም ትመጣለች የሚለው ፍርሃትም በኢትዮጵያ ቦታ የለውም። ደም የሚመገቡት ሦስት ዝርያዎች ብቻ ሲሆኑ የሚኖሩትም በላቲን አሜሪካ ነው።

ለምን ትገባለች?

ነፍሳት የሚመገቡ የሌሊት ወፎች ትንንሾች ናቸው። ለምሳሌ በሰሜን አሜሪካ የምትገኘው ትንሿ ቡናማ የሌሊት ወፍ ከ5 እስከ 14 ግራም ብቻ ትመዝናለች፤ ከ1.5 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ክፍተትም መሹለክ ትችላለች። በጣሪያ ሥር ያደረ መንጋ ካለ አንዷ በኮርኒስ ቀዳዳ ወደ ክፍል ትወርዳለች። በአሜሪካ ይህ በብዛት የሚያጋጥመው በጁላይና በኦገስት (ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ገደማ) ነው፤ በዚያ ወቅት ግልገሎቹ መብረር ስለሚጀምሩ መውጫውን ይስታሉ።

በክፍል ውስጥ ወደ ሰው ራስ ዝቅ ብላ ስትበር ያጠቃች ይመስላል። እንዲያውም ለመብረር ፍጥነት ስለሚያስፈልጋት በክፍሉ መሃል ዝቅ፣ ግድግዳ አጠገብ ከፍ እያለች ትዞራለች። ስለዚህ ግድግዳ ተጠግቶ መቆም ይሻላል።

የንክኪ ጥያቄ

ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ነቅቶ ካያትና እንዳልነካችው እርግጠኛ ከሆነ ሊለቃት ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ማንም በማያውቅበት ጊዜ ነው። የሌሊት ወፍ ጥርስ እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ ንክሻው ላይታይ፣ የተኛንም ሰው ላይቀሰቅስ ይችላል። በዚህ ምክንያት የሚከተሉት ሁሉ ንክኪ ሊኖር እንደሚችል ተቆጥረው ሐኪም ወይም የጤና ቢሮ ሊጠየቅባቸው ይገባል፦ ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ በክፍሉ ካገኛት፤ ብቻውን የነበረ ሕፃን፣ የሰከረ ሰው ወይም የሆነውን መናገር የማይችል በሽተኛ ካለበት ክፍል ከተገኘች፤ ወይም ሰው በባዶ እጁ ከያዛት። ድመት ወይም ውሻ ከያዛትም የእንስሳት ሐኪም ይጠየቃል።

በአሜሪካ ለእነዚህ ሁኔታዎች የሚሰጠው ምክር ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው፦ አትለቀቅም። ተይዛ ለአካባቢው የጤና ቢሮ ወይም ለእንስሳት ቁጥጥር ትሰጣለች፣ ከዚያም ቫይረሱ እንዳለባት ይመረመራል። ምርመራው የሚደረገው በአንጎሏ ላይ ስለሆነ በመጥረጊያ ራሷን መምታት መልሱን ያጠፋል። ከሞተችም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሆና በቀዝቃዛ ቦታ ትቆያለች እንጂ በረዶ አትደረግም። ለምርመራ የሄደች የሌሊት ወፍ በሕይወት ስለማትመለስ፣ ንክኪ ሳይኖር መላክ አላስፈላጊ ነው። ከሚመረመሩትም ቫይረሱ የሚገኝባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ከተለቀቀች ግን ይህን ማወቅ ስለማይቻል የነካችው ሰው ክትባት መጀመር ሊኖርበት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በሰማንያዎቹ ዕድሜ የነበሩ አንድ አዛውንት ከእንቅልፋቸው ሲነቁ የሌሊት ወፍ አንገታቸው ላይ አገኙ። እንስሳዋ ተመርምራ ቫይረሱ ተገኘባት፤ አዛውንቱ ግን ሕክምናውን አልተቀበሉም፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ሞቱ።

አያያዝና አለቃቀቅ

መጀመሪያ ልጆችና የቤት እንስሳት ከክፍሉ ይወጣሉ፣ ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚወስዱ በሮች ይዘጋሉ፣ የጣሪያ ማራገቢያ (ቬንትሌተር) ካለ ይጠፋል። ንክኪ ከሌለ የውጭ መስኮቱ ወለል ተደርጎ ይከፈታል፣ የክፍሉ መብራት ይጠፋል፣ ከዚያም በጸጥታ ይጠበቃል። ጊዜው ቀን ከሆነ እስኪመሽ ድረስ ላትወጣ ትችላለች።

መያዝ ካስፈለገ እስክታርፍ ይጠበቃል፤ ብዙ ጊዜ መጋረጃ ወይም የግድግዳ ጥግ ላይ ትንጠለጠላለች። ወፍራም የቆዳ ጓንት የለበሰ ሰው በጣሳ ወይም በትንሽ የካርቶን ሣጥን ይከድናትና በጣሳውና በግድግዳው መካከል ጠንካራ ወረቀት ቀስ አድርጎ ያስገባል። ፎጣ በቂ መከላከያ አይደለም፤ ጥርሷ ያልፈዋል። የምትለቀቅ ከሆነ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ፣ ለምሳሌ በዛፍ ግንድ ላይ ትቀመጣለች፤ አብዛኞቹ ዝርያዎች ከመሬት ተነሥተው መብረር ስለሚቸግራቸው ነው።

ከንክኪ በኋላ

ቁስሉ ወይም የተነካው ቦታ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል። ይህ ቀላል ቢመስልም ቫይረሱን በእጅጉ ይቀንሳል። ቀጥሎ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። በአሜሪካ ከዚህ በፊት ላልተከተበ ጤነኛ ሰው አራት ክትባት በ0፣ 3፣ 7 እና 14ኛው ቀን ይሰጣል (ቆጠራው እንደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ከዜሮ ይጀምራል)፤ በመጀመሪያው ቀንም ኢሚውኖግሎቡሊን ይጨመራል። የበሽታው ምልክት ብዙ ጊዜ የሚታየው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ምልክቱ ከታየ ወዲህ ግን በሽታው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይገድላል። ስለዚህ «ደኅና ነኝ» ብሎ መጠበቅ፣ ወይም በባህል መድኃኒት ብቻ መቆየት፣ ሕክምናው የሚሠራበትን ጊዜ ያባክናል።

በአፍሪካና በኢትዮጵያ

የእብድ ውሻ በሽታ ዋናው ቫይረስ በሌሊት ወፎች ላይ የሚገኘው በአሜሪካ አህጉሮች ነው። በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ የሌሊት ወፎች ላይ የተገኙት የዚያው ቤተሰብ ዘመዶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የሌጎስ የሌሊት ወፍ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1956 በናይጄሪያ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ 115 ናሙናዎች መካከል አንዱ ይኸው ቫይረስ ሆኖ ተገኝቷል፤ ናሙናው የተወሰደው ግን ከውሻ ነበር። ዱቨንሃጌ የተባለው ሌላ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2007 በኬንያ ፊቷን የሌሊት ወፍ የነካቻትን ሆላንዳዊት ቱሪስት ገድሏል። እንዲህ ያሉ ሞቶች በጣም ጥቂት ናቸው፣ በኢትዮጵያም ዋናው ስጋት ውሻ እንደሆነ አለ። ቢሆንም ለነከሰች የሌሊት ወፍ የሚደረገው መታጠብና ሐኪም መጠየቅ አይለወጥም።

ተመልሳ እንዳትገባ

ደጋግማ የምትገባ ከሆነ በጣሪያው ሥር መንጋ ሊኖር ይችላል። በቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍና በግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት የተለመደ መግቢያ ነው። ሲመሽ ከውጭ ቆሞ ከየት እንደሚወጡ ማየት ቀዳዳውን ያሳያል። ቀዳዳው የሚደፈነው ሁሉም ከወጡ በኋላ ነው፤ መብረር የማይችሉ ግልገሎች ባሉበት ወቅት ከተደፈነ ግልገሎቹ ውስጥ ይሞታሉ፣ እናቶቻቸውም ሌላ መግቢያ ሲፈልጉ ወደ ክፍሎች ይገባሉ። የደረቀ ኩስ ሲጠረግ አቧራው ሳንባን የሚጎዳ ፈንገስ ሊይዝ ስለሚችል ውኃ ረጭቶ፣ ማስክ አድርጎ ማጽዳት ይመከራል። በብሪታንያ የሌሊት ወፎች በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ የቤት ባለቤት ማደሪያቸውን በራሱ ፈቃድ መድፈን አይችልም።