መገናኛና የመንገደኛው ድርሻ፦ የአዲስ አበባ ትራንስፖርት ታሪክ ከታች ሲታይ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ለመሐንዲሶችና ለኢኮኖሚ ባለሙያዎች የተተወ ይመስላል፤ ሕዝብን ለማጓጓዝ የሚፈስሰው መዋዕለ ንዋይ ለማን ዕድል ይከፍታል? ማንንስ ከደጅ ያስቀራል? የታሪክ ተማሪ እንደመሆኔ ጥያቄውን ከሩቅ አስነሥቼ፣ ሁላችን ወደምናውቀው አንድ ስፍራ፣ ወደ መገናኛ፣ ላደርሰው እወዳለሁ። የምሟገትለት ሐሳብ አጭር ነው። የከተማችንን የትራንስፖርት ሥራዎች ስንመዝን የኖርነው በኪሎ ሜትርና በተሳፋሪ ብዛት ነው። የአነስተኛ ገቢ ነዋሪው ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው ግን ከአንዱ ተሽከርካሪ ወርዶ ሌላውን በሚይዝበት ቦታ፣ በዚያም በሚከፍለው ገንዘብና ጊዜ ነው።

የመጀመሪያውን ትምህርት የምናገኘው ከጅቡቲው ባቡር ነው። ሀዲዱ በ1895 ዓ.ም. ወደ ሐረር አቅራቢያ ሲደርስ ተራራውን መውጣቱ አስቸጋሪና ውድ ሆኖ ስለተገኘ በቆላው ሜዳ በኩል አለፈ። በዚያ ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ለብዙ ዘመን የንግድ እምብርት የነበረችው ሐረር ከመስመሩ ውጪ ቀረች፤ ንግዷም ቀስ በቀስ ቁልቁል ወረደ። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባም ጣቢያው ከአራዳ ገበያ በስተ ደቡብ፣ በዝቅተኛው ስፍራ ስለተተከለ ከተማዋ ወደዚያ አቅጣጫ ተሳበች። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የባቡር መስመር አስቀድሞ የነበረን ዕድል ለሁሉም እኩል አያዳርስም፤ ከአንዱ ቦታ አንሥቶ ወደ ሌላው ያዛውራል። የሚዛወርበትን ቦታ የሚወስነውም ባቡሩ የሚቆምበት ጣቢያ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የታሪፍ ጉዳይ ነው። ከጣሊያን ወረራ ማብቂያ በኋላ የአንበሳ አውቶቡስ አገልግሎት ሲጀመር፣ በኋላም ትንንሾቹ ታክሲዎች ጎዳናውን ሲሞሉ፣ የከተማው ሠራተኛ ኑሮ ከጉዞ ዋጋ ጋር በጥብቅ ተሳሰረ። የዚህ ትስስር ጥንካሬ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ተገለጠ። በዓለም ገበያ መናጋት ሳቢያ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ በዚያው ሰሞን አድማ መቱ፤ ከተማዋ ቀጥ አለች። መንግሥት በቀናት ውስጥ የነዳጁን ዋጋ ለመቀነስ ቢገደድም የተነሣው ማዕበል አልተመለሰም። የአብዮቱን መንስኤ በቤንዚን ብቻ የሚያስረዳ የታሪክ ጸሐፊ የለም። ሆኖም የጉዞ ዋጋ በከተማ ድኻና በመንግሥት መካከል ያለ ያልተጻፈ ውል መሆኑን ያ ወር አሳይቶናል።

እንግዲህ ወደ መገናኛ እንምጣ። ስሙ ግብሩን ይናገራል። ከአራት ኪሎ በሾላ በኩል የሚመጣው መንገድ፣ ከመስቀል አደባባይ በሃያ ሁለት አድርጎ የሚወጣው የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና፣ ከቦሌ የሚመጣው የቀለበት መንገድ፣ ወደ ሲኤምሲና አያት የሚዘረጋው፣ ወደ ላምበረትና ኮተቤ አልፎ የደሴን መንገድ የሚይዘው፣ ሁሉም እዚህ ይገናኛሉ። የቀለበት መንገዱ በ1990ዎቹ ሲሠራ ዓላማው መኪና ሳይቆም ከተማዋን እንዲዞር ማስቻል ነበር። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ወደ አያት፣ ወደ ሰሚት፣ ኋላም ወደ የካ አባዶ ወሰደ። ዕጣው ቤት ሰጠ፤ ሥራው ግን መሃል ከተማ ቀረ። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ርቀት በየማለዳው መገናኛ ላይ ይከማቻል።

ይህ ክምችት የራሱን ኢኮኖሚ ወለደ። የሚኒባሱ ረዳት፣ ተራ አስከባሪው፣ ሊስትሮው፣ ጀብሎው፣ የጀበና ቡና የምታፈላው፣ ጉልት የዘረጋችው፣ ሁሉም የሚኖሩት መንገደኛው ወርዶ በሚቆምባቸው ደቂቃዎች ነው። ብዙዎቹ ከገጠር ወይም ከፈረሰ ሰፈር የመጡ፣ የትምህርት ማስረጃም ሆነ ዋስ የሌላቸው ናቸው። ወደ ከተማው የሥራ ገበያ የሚገቡበት በር ይህ ነው። የዚያኑ ያህል ግን ቦታው ያስከፍላል። ታክሲው ሙሉውን መስመር ከመሄድ ይልቅ ጉዞውን ቆርጦ ሲጭን መንገደኛው ለአንድ ርቀት ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ሥራ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ደግሞ ይህ የተለመደ ነው። ስለዚህ መገናኛ በአንድ ጊዜ የገቢ ምንጭም የወጪ ምንጭም ነው። ረዳቱ የሚያገኘው ሳንቲም ከየካ አባዶ ከመጣችው የጽዳት ሠራተኛ ቦርሳ የወጣ ነው።

በዚህ መሃል ቀላል ባቡሩ መጣ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በብድር ተገኘ። 34 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ያሉት ይህ ሥራ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በሰሜን–ደቡብ መስመር፣ በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ከአያት በመገናኛ አድርጎ ጦር ኃይሎች በሚደርሰው መስመር አገልግሎት ጀመረ። የመነሻው ታሪፍ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከአያት ተነሥቶ መሃል ከተማ በአንድ ትኬት መድረስ፣ በመሃል ቆርጦ የሚጭን ሳይኖር፣ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛው ትልቅ ነገር ነበር። ባቡሩ ያን ጊዜ የሰበረው የመቆራረጡን ዋጋ ነው፤ ፋይዳውንም በዚህ ልንለካው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ይሁንና ሁለት ነገሮች ጥቅሙን ሸረሸሩት። አንደኛው አጥሩ ነው። ከመገናኛ ወደ አያት ሀዲዱ በአብዛኛው በጎዳናው መሃል በምድር ላይ ስለተዘረጋ የመንገዱን ሁለት ዳር ለያየ፤ ፊት ለፊት ያለ ሱቅ ለመድረስ እግረኛው እስከ መሻገሪያው መዞር ግድ ሆነበት። ሁለተኛው ጥገና ነው። ከ41ዱ ባቡሮች በመለዋወጫና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ምክንያት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይንቀሳቀሱ የነበሩት ከግማሽ በታች ሆኑ። ታሪፉ ርካሽ ሆኖ ባቡሩ ካልመጣ ርካሽነቱ ለማንም አይደርስም፤ ቀኑን በሰዓቱ መጀመር ያለበት የቀን ሠራተኛ ተመልሶ ወደ ታክሲው ሰልፍ ይሄዳል።

የጉዞ ዋጋ ከሥራ ጋር ያለውን ዝምድና በግምት ብቻ እንዳንናገር አዲስ አበባ ራሷ የጥናት ስፍራ ሆናለች። ሳይመን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ጥናት ከመሃል ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የመጓጓዣ ገንዘብ ሲሰጣቸው ሥራ የማፈላለግ ጥረታቸው እንደሚበረታና ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው እንደሚሻሻል አሳየ። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ያለው መሃል ከተማ ነው፤ ሰሌዳውን ለማንበብ መሳፈሪያ ያስፈልጋል። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ሥራ ግን ጥንቃቄ ይጨምርልናል። የመጓጓዣ ድጋፉ ያስገኘው ውጤት ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ደብዝዟል፤ ችሎታቸውን ለቀጣሪ እንዲያስረዱ የሠለጠኑትና የምስክር ወረቀት የተሰጣቸው ወጣቶች ግን በገቢ የተሻለ ደረጃ ላይ ነበሩ። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ጉዞ ወደ በሩ እንደሚያደርስና በሩን ለማስከፈት ግን መታወቅ እንደሚያስፈልግ ነው።

በሩ ድረስ ለመሳፈር እንኳ ገንዘብ የሌላቸውን ካልጠቀስሁ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። ከመገናኛ ሽቅብ ሲታይ የእንጦጦ ሰንሰለት አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ይህን ተራራ ከሸፈነው ወዲህ ሴቶች የማገዶ ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ኮተቤ ሲወርዱ ኖረዋል። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ እንጀራዋን የጋገረችው በእነርሱ እግር ነው። ይህ ጉዞ ግን በየትኛውም የትራንስፖርት በጀት ውስጥ አልተመዘገበም። ዛሬም ከከተማዋ ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር የሚደረግ ነው። የእግረኛ መንገድን ከባቡርና ከአውቶቡስ እኩል የሕዝብ መዋዕለ ንዋይ አድርገን የምንቆጥርበት ምክንያት ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልገውም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት፣ ቦሌን ከመገናኛ የሚያገናኘውን መስመር ጨምሮ፣ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል። ለእግረኛው ይህ ዘመናት የጠበቀው ነገር ነው። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ ድሬዳዋንና ሐረርን አስታውሶ መጠየቅ አለበት፤ በታደሰው ጎዳና ላይ ጉልት የምትዘረጋዋ እናት የት ትቀመጣለች? ተራ አስከባሪው ወጣት በምን ሥራ ይተካል? ሰፈሩ ፈርሶ ወደ ዳር የሄደው ቤተሰብ ወደ ሥራው ስንት ጊዜ ወርዶ ስንት ጊዜ ይሳፈራል? ንጹሕ ጎዳና እነዚህን ጥያቄዎች ከዓይን ይሰውራቸው ይሆናል እንጂ አይመልሳቸውም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የማቀርበው የምርምር ጥሪ አለ። የሚቀጥለው የአውቶቡስ መስመር ወይም ተርሚናል ሲመረቅ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ብቻ አትጻፉ። አንድ የቀን ሠራተኛ ከየካ አባዶ ተነሥቶ ሥራ ቦታው እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደሚከፍል ቁጠሩ፤ ከደመወዙ ስንት እጁ ለመሳፈሪያ እንደሚሄድ ጠይቁ፤ በመውረጃው ላይ ይነግዱ የነበሩትን ከሥራው በፊትና በኋላ መዝግቡ። የአፄው መንግሥትም ሆነ ደርግ ይህን ዓይነት መዝገብ አልተዉልንም፤ እኛም ስለ 1966 የምናውቀው በአብዛኛው ከተቆጣው ሕዝብ ድምፅ እንጂ ከዕለት ወጪው መዝገብ አይደለም። የዛሬው መገናኛ ለነገው ታሪክ ጸሐፊ እንዲሁ ጨለማ ሆኖ እንዳይጠብቀው መዝገቡን መጀመር የእናንተ ፈንታ ነው።