ቀዳዳውን ማን ይደፍነዋል?

ነገሩ የጀመረው በትራፓኖ ነው።

ከመካከላችን የአንዱ አጎት ከአሜሪካ ለእረፍት መጥተው ነበር። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሟች አያቱ የተዉት፣ በቤቱ ቋንቋ «ምንሽር» የሚባል አሮጌ ጠመንጃ ተሰቅሏል። ፈቃዱ በየጊዜው ይታደሳል፣ ለበዓል ይወለወላል፣ ተመልሶ ይሰቀላል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ጋሼ (አጎትየውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) አወረዱት፣ አገላብጠው አዩትና፣ «እኛ ጋ እኮ እንዲህ ዓይነቱን ከጎኑ ይበሱትና ሐዲድ ይገጥሙለታል። መነጽር ሲጫንበት አዲስ ነው የሚመስለው!» አሉ። ወዲያው ከጎረቤት ትራፓኖ አስመጡ። ገመዱም ተሰካ።

ቡና እያፈሉ የነበሩት እማማ ቀና ብለው፣ «ኋላ ቀዳዳውን ማን ይደፍነዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

ማንም አልመለሰም። ትራፓኖው ለጊዜው ተነቀለ። እኛም ጥያቄውን ይዘን ወጣን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን በኋላ ስናነብና ስንከራከር የከረምነው ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ እንዳትደናገሩ።)

ከላይ ቦታ ስለሌለ

«ኤነሚ አት ዘ ጌትስ» የሚለውን የ2001 ፊልም ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ስታሊንግራድ፣ ፍርስራሽ፣ ጁድ ሎው ቫሲሊ ዛይትሴቭን ሆኖ። ሁላችንም መነጽሩን አይተናል። መነጽሩን የተሸከመውን ብረት ግን ልብ ያለ የለም። ደግማችሁ ስታዩት የጠመንጃውን ግራ ጎን ተመልከቱ። መነጽሩ ከላይ ነው፣ እግሩ ግን ከጎን ነው የተተከለው።

ለምን? ጠመንጃው ሲወለድ መነጽር የሚባል ነገር ስላልታሰበለት ነው። ሞሲን በሩሲያ ጦር ተቀባይነት ያገኘው በ1891 ነበር። የሚጎርሰው አምስት ጥይት ሲሆን፣ ወታደሩ አምስቱን በቀጭን ቆርቆሮ ማጉረሻ ሰክቶ ከላይ በአንድ ግፊት ያወርዳቸዋል። የመቀርቀሪያው እጀታም ሲከፈት ወደ ላይ ይነሳል። እንግዲህ ከላይ መነጽር ጫኑበት እንበል። አንደኛ፣ ማጉረሻው መግቢያ ያጣል። ሁለተኛ፣ እጀታው ሲነሳ ከመነጽሩ ጋር ይጋጫል። ሦስተኛ፣ መነጽሩ ቢሰበር ወታደሩ የሚያነጣጥርበት የብረት ማነጣጠሪያ ተሸፍኖበታል።

በ1930 ጠመንጃው ተሻሻለና 91/30 ተባለ። ሶቪየቶች በዚያ አሥርት ዓመት መጀመሪያ መነጽር ሲጭኑበት መሠረቱን ያሳረፉት ከላይ ነበር። ብዙ ሳይቆዩ ግን ወደ ግራ ጎን አዞሩት። ዛሬ በጣም የሚታወቀው ዓይነት የመጣው በጦርነቱ መካከል፣ በ1942 ነው። «ፒዩ» የሚባለው ነገርን 3.5 ጊዜ የሚያጎላ አጭርና ቀላል መነጽር ለሌላ ጠመንጃ፣ ለኤስቪቲ-40፣ የተሠራ ነበር። ኮቸቶቭ የተባለ ባለሙያ ለሞሲኑ የሚሆን የጎን መያዣ ነደፈለት። መሠረቱ በግራ ጎን ላይ በብሎንና በፒን ይታሰራል። ከፊቱ ኳስ የመሰለ የብረት እብጠት አለው። የመነጽሩ መያዣ በዚህች ኳስ ላይ ይንጠለጠልና ከኋላ ባሉት ብሎኖች ወደ ላይና ወደ ታች ይስተካከላል። ለጦርነት ጊዜ ፋብሪካ የሚመች፣ ቀላልና ጠንካራ ሥራ ነው።

ዋጋ ግን ተከፍሎበታል። ቀጥ ያለው የመቀርቀሪያ እጀታ ወጥቶ ረዘም ብሎ ወደ ታች የታጠፈ ተተካ። በማጉረሻ አምስቱን በአንዴ ማጉረስም ቀረ፤ አነጣጣሪው ጥይቱን አንድ በአንድ ማጉረስ ነበረበት። አርቆ ለማየት ሲባል ፍጥነት ተሸጠ ማለት ነው።

የሌሎቹ ብልሃት

እንግሊዞችም ከጎን ነው የመጡት። ሊ-ኤንፊልድ ቁጥር 4 ፋብሪካ ላይ ይተኮስና፣ ጥሩ የመታው ተመርጦ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ወደሚባለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ ቤት ይላካል። እዚያ በግራ ጎኑ ሁለት መቀመጫዎች ይታሰሩለታል፣ ቁጥር 32 የሚባለው መነጽር ይገጠምለታል። የመነጽሩ ቁጥር በሰደፉ ላይ፣ የጠመንጃው ቁጥር ደግሞ በመያዣው ላይ ይመታል። ጋብቻ ነው። የአንዱን መነጽር ለሌላው ማዋስ የለም፤ እያንዳንዱ የተለካው ለራሱ ጠመንጃ ነውና።

አሜሪካኖች የባሰ ችግር ነበረባቸው። ኤም ዋን ጋራንድ ስምንት ጥይት ከነማቀፊያው ከላይ ይጎርሳል፣ ሲጨርስም ባዶውን ማቀፊያ ወደ ላይ ይተፋዋል። ከላይ መነጽር ብታስቀምጡበት ጠመንጃው ይራባል። ስለዚህ በ1944 የመጣው ኤም ዋን ሲ የተባለው ዓይነት፣ በግራ ጎኑ ተበስቶ መያዣ ሲገጠምለት መነጽሩ ራሱ ከመሃል ወደ ግራ ተገፋ። ተኳሹ ጉንጩን ለመነጽሩ እንዲያደርስ ሰደፉ ላይ የቆዳ ትራስ ታሰረ። አስቡት፣ ጠመንጃው አልታጠፍ ሲል ሰውየው ታጠፈ!

በነገራችን ላይ ይህ ጠመንጃ ለእኛ ባዳ አይደለም። በ1951 ኮሪያ የገባው የቃኘው ሻለቃ የታጠቀው ይህንኑ የአሜሪካኖቹን ኤም ዋን ነበር። የቃኘው ዘማቾችን ፎቶ ስታዩ ትከሻቸው ላይ ያለውን ልብ በሉ። አብዛኛው ግን መነጽር አልነበረውም፤ የብረት ማነጣጠሪያ ብቻ ነው።

ክላሹና ሐዲዱ

ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየቶች ክላሺንኮቭን ሲሠሩ ያው ጥያቄ በሌላ መልክ መጣ። የክላሽ የላይ ክዳን ስስ ላሜራ ነው፣ ለጽዳት በየጊዜው ይነሳል፣ ሲመለስም ትንሽ ይወዛወዛል። በሚወዛወዝ ነገር ላይ መነጽር አይጫንም። ቀኝ ጎኑ ደግሞ የተያዘ ነው። ቀለሁ የሚወጣው በቀኝ፣ የሚቀባበለውም በቀኝ ነው። የቀረው ግራ ጎን ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ መፍትሔው በሰለ። በ1963 የድራጉኖቭ ጠመንጃ (ኤስቪዲ) ሲመጣ በግራ ጎኑ ሐዲድ ይዞ ተወለደ፤ በኋላ የተበሳ አይደለም። የመነጽሩ መያዣ ከኋላ ሐዲዱ ላይ ይንሸራተትና በመቆለፊያ ይጠበቃል። ሲፈለግ ይወጣል፣ ሲመለስ ወደ ቦታው ይገባል። ለሌሊት መነጽር የተዘጋጁት የክላሽ ዓይነቶችም ይህንን ሐዲድ በሪቬት አገኙ። ስማቸው መጨረሻ ላይ የተጨመረችው «ኤን» በሩሲያኛ የሌሊት ማለት ናት። በ1991 የመጣው ኤኬ-74ኤም ላይ ደግሞ ሐዲዱ ለሁሉም ሆነ። አገራችን ከ1977 ጀምሮ በብዛት የገባላት የሶቪየት መሣሪያ ስለሆነ ክላሽን ያላየ የለም። በግራ ጎኑ ሐዲድ ያለው ካጋጠማችሁ ምን እንደሆነ ከእንግዲህ ታውቃላችሁ።

አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር

እሺ፣ ጋሼ እንዳሉት ዛሬ በአሮጌ ጠመንጃ ላይ ሐዲድ መግጠም የሚፈልግ ሰው ምን ይጠይቅ? ከታሪኩ የተማርነው ሦስት ጥያቄ ነው። የሚታሰርበት ብረት ወፍራምና የማይነቃነቅ ነው ወይ? ከተገጠመ በኋላ ጠመንጃው እንደ ድሮው ይጎርሳል፣ ይፈታል፣ በብረት ማነጣጠሪያው ያያል ወይ? መነጽሩ ወጥቶ ሲመለስ ወደዚያው ቦታ ይመጣል ወይ? ለሦስቱም «አዎ» ካልተባለ ዕቃው ቢያምርም ይቅር።

ሥራውም የሳሎን ሥራ አይደለም። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሐዲዱ 150 ሚሊ ሜትር ይረዝማል እንበል። አንደኛው ጫፉ ከአፈሙዙ አቅጣጫ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያጋድል፣ ስህተቱ በ100 ሜትር ላይ ወደ 6.7 ሳንቲ ሜትር፣ በ400 ሜትር ላይ ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሙሉ አንድ ሚሊ ሜትር ካጋደለ በ100 ሜትር ላይ 67 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዒላማው ወዲያ፣ ጥይቱ ወዲህ። መነጽሩ ላይ ያለው ማስተካከያ ጥቂቱን ያርማል፣ ግን እሱም ገደብ አለው። በዚህ ላይ አንዳንዱ የድሮ ብረት ላዩ የጠነከረ ስለሆነ የትራፓኖውን ጫፍ ይሰብራል ወይም ወደ ጎን ያንሸራትተዋል። ብሎኑ ትንሽ ከረዘመ ደግሞ ወደ ውስጥ ያልፍና የመቀርቀሪያውን መንገድ ይዘጋል። በተዋሱት ትራፓኖ፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ የሚሠራ አይደለም ማለታችን ነው።

የተደፈነው ቀዳዳ

አሁን ወደ እማማ ጥያቄ እንመለስ። ቀዳዳውን የደፈነ አለ ወይ?

አለ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሶቪየቶች ብዙ ባለ መነጽር ሞሲኖችን ወደ ተራ ጠመንጃነት መለሱ። መነጽሩ ወረደ፣ የታጠፈው እጀታ በቀጥተኛ ተተካ፣ የግራ ጎኑ ቀዳዳዎች ተደፍነው ተሞረዱ። አፈሙዙ ሥር ተመትቶ የነበረው የመነጽሩ ቁጥርም ብዙ ጊዜ ተሰረዘ። ከዚያ ቅባት ተቀብተው መጋዘን ገቡ።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ መጋዘኖቹ ተከፈቱ። አሮጌ ጠመንጃዎቹ በገፍ አሜሪካ ገበያ ላይ ወጡ። ሰብሳቢዎች ቅባቱን ሲጠርጉ በግራ ጎን በኩል ክብ ክብ የጠባሳ ምልክት አገኙ። ከሥሩም የተሰረዘ ቁጥር። ተራ መስሎ የተሸጠው ጠመንጃ አንድ ጊዜ የአነጣጣሪ እንደነበር የመሰከረው ያ የተደፈነ ቀዳዳ ነው። ወረቀቱ የለም፣ ወታደሩ የለም፣ ጠባሳው ግን አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የቀድሞ የአነጣጣሪ ጠመንጃ ዋጋው ሲንር፣ ተራውን እየበሱ «ይህ እኮ የስታሊንግራድ ነው» ብለው የሚሸጡ መጡ። ሌሎች ደግሞ ማታለል ሳያስቡ፣ ለአደን እንዲመቻቸው ብቻ፣ እውነተኛውን የታሪክ ዕቃ ወነፊት አደረጉት። አንዱ ቀዳዳ ይመሰክራል፣ አንዱ ይዋሻል፣ አንዱ ዝም ብሎ ያጠፋል። ሦስቱም የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ትራፓኖ ነው።

ይህ የሩሲያኖች ጣጣ ብቻ አይምሰላችሁ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችም አሜሪካ ተሸጠዋል። ሰደፋቸው ላይ የተቀረጸ ፊደልና ምልክት፣ በቆዳና በሽቦ የታሰረ ስንጥቅ ያለባቸው አሉ። ገዢው ቆሻሻ ነው ብሎ ሊፍቀው ይችላል። ያ ፊደል ግን የአንድ ሰው ስም ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ቦታ ያልተጻፈ ስም።

የእኛ አቋም እንግዲህ ይህ ነው። ፋብሪካው ሐዲድ አድርጎ የሠራው ላይ መነጽር ግጠሙ፣ ችግር የለም። ለእሱ ነው የተሠራው። ዛሬ አዲስ የተሠራ፣ የድሮውን የሚመስል ጠመንጃም ባለቤቱ እንደ ፍጥርጥሩ ያድርገው። ለአሮጌው ግን ሳይበሳ የሚገጠም መያዣ አለ፤ የኋላ ማነጣጠሪያው ቦታ ላይ የሚገባ፣ ሲያስፈልግ ወጥቶ ዱካ የማይተው። እሱም ካልሆነ አለመግጠም ይቻላል። ሩሲያኖች «ሰባት ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ፤ የእኛ ሰው ደግሞ አሥር ጊዜ አድርጎታል። እኛ ሦስቱን ጨምረናል ብላችሁ አትፍረዱብን፣ የባሰ ጥንቁቅ ነን።

ይህንን ሁሉ ለጋሼ ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ ጠመንጃውን እንደገና አወረዱና በግራ ጎኑ ሳይሆን ሰደፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ወለሉ ላይ እማማ አጠገብ ተቀምጠው፣ «ይህች ጭረት ምንድን ናት?» አሉ። እማማ ስኒውን አስቀመጡና መናገር ጀመሩ። ከመካከላችን የቤቱ ልጅ ያንን ታሪክ በሕይወቱ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ትራፓኖው በዚያው ቀን ማታ ለጎረቤት ተመለሰ።

የእናንተም ቤት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ ከመወልወላችሁ በፊት ጭረቱን ጠይቁ። የሚያውቁት ሰዎች ቡና እያፈሉ ሳሉ።