ጨዋታና ክርክር፤ ከአንጣሎ እስከ በርሚንግሃም

በቋንቋችን «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት አገልግሎት አለው። ገና ለሚጫወት ጎረምሳ፣ ገበጣ ለያዘ ሽማግሌ እንናገረዋለን፤ ደግሞም ሁለት ወዳጆች ቡና ቀርቦላቸው ወሬ ሲለዋወጡ ያየን እንደ ሆነ «ጨዋታ ይዘዋል» እንላለን። ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል የሚባለውም ስለዚሁ ስለ ንግግሩ ነው። ቃሉን እንዲህ አንድ አድርገው ያቆዩልን አባቶች፣ መጫወትና መነጋገር ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸውን የተረዱት ይመስለናል። ሰው በሥራው ላይ ሳለ የሚናገረው እንጀራውን፣ ሹመቱንና አለቃውን እያሰበ ነው፤ በጨዋታ ላይ ግን ብዙ የሚያጣው ነገር ስለሌለ የልቡን ለመናገር ይደፍራል።

ለእንጀራ ሳይሆን ለነገሩ ፍቅር ሲሉ የተሰበሰቡ ሰዎች በወዳጅነት መንፈስ ሲከራከሩ ምን እንደሚገኝና መቼ እንደሚከሽፍ ለመመርመር፣ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ሸንጎዎችን ለምስክርነት እንጠራለን። አንደኛው በትግራይ፣ ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር የነበረ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ሰው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።)

በ1805 ሄንሪ ሶልት የተባለ የሃያ አምስት ዓመት እንግሊዛዊ ከጌታው ከሎርድ ቫለንሺያ ተልኮ ከምፅዋ ወደ ደጋው ወጣና አንጣሎ ላይ ከራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። ራስ ወልደ ሥላሴ በዘመነ መሳፍንት ከነበሩት የሰሜን መኳንንት ሁሉ የበረቱት ነበሩ። ሶልት ያየውን ሁሉ በማስታወሻ የሚይዝና በሥዕል የሚነድፍ ሰው ስለ ነበረ፣ አንድ ቀን ራስ በመኳንንቶቻቸው መካከል ተቀምጠው ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያገኛቸው ጊዜ የተመለከተውን ጽፎ አቆየልን። ጽሑፉ በ1809 በታተመው በሎርድ ቫለንሺያ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

ሰንጠረዥ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ውስጥ ቁጥር የሚደረደርበት ዓምድ ስም ሆኗል፤ የመኳንንቱን ጨዋታ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ሕንዶች ከፈጠሩት፣ ፋርሶችና ዐረቦች ካስፋፉት ከዚያው ከቼዝ ቤተሰብ ሲሆን፣ በእኛ አገር የራሱን ጠባይ ይዞ ኖሯል። የመክፈቻው ክፍል «ወረራ» ይባል ነበር። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እጃቸው እንደ ፈጠነ፣ ዐይናቸውም የባላጋራቸውን አሰላለፍ እንደ ተከተለ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲማርክ ወረራው ያበቃና ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በየተራ ይሆናል። ሌላም የሚያስደንቅ ሕግ ነበረው። የባላጋራን ንጉሥ በኀይለኞቹ ጠጠሮች አስጨንቆ መግደል እንደ ትልቅ ሙያ አይቆጠርም ነበር። የሚመሰገነው በደካሞቹ፣ ይልቁንም በእግረኞቹ ተባብሮ የገደለው ነው። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን አሸናነፍም ይመዘን ነበር ማለት ነው።

ሶልት እንደ ጻፈው ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ በወፍራሙ የተቀረጹ ትልልቆች ነበሩ፤ ተጫዋቹም የባላጋራውን ጠጠር ሲማርክ በኀይል መትቶ ከስፍራው ያነሣዋል። እንግዳውን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመው ግን ጫጫታው ነው። በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ፣ ባሮች እንኳ ሳይቀሩ፣ በጨዋታው ውስጥ ድምፅ ነበራቸው፤ ይሻላል የሚሉትንም አካሄድ ለማሳየት ጠጠሮቹን እንደ ፈለጉ ያነሡ ነበር። አንባቢያችን የዚያን ዘመን ግቢ በሐሳቡ ይመልከት። ሰው በጌታው ፊት ሸማውን አደግድጎ የሚቆምበት፣ ካልተጠየቀም የማይናገርበት ግቢ ነው። በዚያው ግቢ፣ በዚያው ሰዓት፣ ባሪያው እጁን ዘርግቶ «ይህ ሳይሆን ያ ይሻላል» ይላል፤ የሚቈጣውም የለም። የጨዋታ ኀይል እስከዚህ ድረስ ነው።

ነገር ግን ሶልት ሌላም ነገር አስተውሏል። ያ ሁሉ ሰው ከጮኸ፣ ያ ሁሉ ምክር ከተሰጠ በኋላ፣ ተጫዋቾቹ በታላቅ ብልሃት ጨዋታውን ሁሉ ለራስ ያስረክቡ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ራስ ሲሸነፉ አላየም።

በእነዚያ መኳንንት ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። ሳይታወቅ መሸነፍ ከማሸነፍ ይልቅ ጥበብ ይጠይቃል፤ ምናልባትም ከዚያ ክብ ውስጥ ከሁሉ የላቀው ተጫዋች ሁልጊዜ የሚሸነፈው ሰው ሳይሆን አይቀርም። እኛም ብንሆን ከዚህ ነጻ ነን አንልም። በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አንጠቅስም፣ በምሳ ሰዓት በካርቶን ላይ መስመር አስምረን በቆርኪ ዳማ እንጫወት ነበር። ዘበኛው ሒሳብ ሹሙን ያርመዋል፤ ተላላኪው ጸሐፊውን ይሰድበዋል፤ ሁሉም ይስቃል። አንድ ቀን አለቃው ወረዱና «እስቲ እኔም» ብለው ተቀመጡ። ከመካከላችን ማንም አሸንፎት የማያውቀው ሰው በዚያን ዕለት ዐይኑ ሥር የተቀመጠውን ቆርኪ ሳይበላ ቀረ። ተመልካቹም እንደ ልማዱ «ብላ! ብላ!» አላለም። አለቃው ደስ ብሏቸው ሄዱ፤ ዳማው ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ጣዕም አልነበረውም። ነገሩ ያን ያህል ትንሽ ነው፤ የጠፋው ግን ምን እንደ ሆነ ሁላችንም ዐውቀነው ነበር።

ወደ ሁለተኛው ሸንጎ የሚያሻግረን ይኸው ሶልት ነው። የተወለደው በ1780 ሊችፊልድ በምትባል በመካከለኛው እንግሊዝ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው፤ አባቱም በዚያው ሐኪም ነበር። እርሱ በተወለደበት ዓመት በከተማይቱ ሌላ ስመ ጥር ሐኪም ይኖር ነበር፤ ይኸውም ኢራስመስ ዳርዊን፣ በኋላ ስለ ፍጥረት ዝርያ በጻፈው መጽሐፍ ዓለምን ያናወጠው የቻርልስ ዳርዊን አያት ነው። ይህ ዳርዊን ከሊችፊልድ ወደ ደቡብ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከበርሚንግሃም ሰዎች ጋራ ሆኖ አንድ የወዳጆች ክበብ አቋቁሞ ነበር። ዊልያም ስሞል የሚባል ሐኪም በ1765 ከአሜሪካ ተመልሶ ከመጣ በኋላ እየጠነከረ የሄደው ይህ ክበብ በታሪክ የጨረቃ ማኅበር እየተባለ ይጠራል።

ስሙን ያገኘው በቀላል ምክንያት ነው። የመንገድ መብራት ስላልነበረ ወዳጆቹ በየወሩ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን አጠገብ ይሰበሰቡና ማታ በብርሃኗ ወደየቤታቸው ይመለሱ ነበር። በእንግሊዝኛ ለዕብድ የሚሰጠው አንዱ ቃል ከጨረቃ ስም የወጣ ስለ ሆነ፣ ራሳቸውን በቀልድ ዕብዶች ይሉ ነበር። ማቲው ቦልተን የፋብሪካ ባለቤት ነው፤ ጄምስ ዋት የመሣሪያ ሠሪ፣ የእንፋሎትንም ሞተር ያሻሻለ ነው፤ ጆሲያ ዌጅውድ ሸክላ ሠሪ፣ ጄምስ ኪር ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ መኰንን፣ ሳሙኤል ጎልተን ጠመንጃ ሠሪ፣ ጆሴፍ ፕሪስትሊ ሰባኪ ነበሩ። በጠቅላላው ዐሥራ አራት ያህል ቢሆኑ ነው። ሳይንስን መተዳደሪያው ያደረገ ከመካከላቸው አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ ሁሉም ከሥራ በተረፈው ጊዜያቸው የሚከታተሉት ፍቅራቸው ነበር።

ሊቀ መንበር አልነበራቸውም፤ መተዳደሪያ ደንብም ሆነ ቃለ ጉባኤ አልነበራቸውም። ቃለ ጉባኤ ሲጽፉ ለሚውሉ ለእንደ እኛ ያሉ ሰዎች ይህ ጆሮን የሚያስይዝ ነገር ነው። ስለዚህም ምን እንደ ተነጋገሩ የምናውቀው ከደብዳቤዎቻቸው ብቻ ነው። ዳርዊን በ1778 ለቦልተን በጻፈው ደብዳቤ በሕመምተኞች ምክንያት ከስብሰባው በመቅረቱ ሲያዝን፣ በዚያ ቤት ሐሳብ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመታ እንደሚበር የመጫወቻ ላባ አድርጎ ገልጾታል። እርሱም ነገሩን በጨዋታ መመሰሉ ደስ ያሰኘናል። ዳርዊን ንግግሩ የሚኰላተፍ ሰው መሆኑንም እንጨምር፤ አንደበቱ የሚያዝበት ሰው እንዲህ የሚናፍቀው ሸንጎ በተናጋሪው ላይ የሚሣለቅ ሸንጎ ሊሆን አይችልም።

ፕሪስትሊ በ1780 ወደ በርሚንግሃም ሲመጣ የስብሰባው ቀን ከእሑድ ወደ ሰኞ ተዛወረ፤ እሑድ የስብከት ቀኑ ነበርና። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም የወዳጆቹን ጠባይ ያሳያል። ፕሪስትሊ ከታወቀው ቤተ ክርስቲያን የተለየ እምነት ያለው ሰው ነበር፤ ከጓደኞቹ አንዳንዶቹ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች፣ አንዳንዶቹም እምነታቸው የላላ ነበሩ። እርሱ ራሱ በኋላ እንደ መሰከረው ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ አንዱ የሌላውን አይጠይቅም ነበር፤ ያሰባሰባቸው የሳይንስ ፍቅር ብቻ ነው።

በዘመኑ ትልቁ ክርክር ነገር ሲቃጠል ምን ይሆናል የሚለው ነበር። የቀድሞዎቹ ሊቃውንት የሚቃጠል ነገር ሁሉ ፍሎጂስተን የተባለ ረቂቅ ነገር በውስጡ እንዳለና ሲነድ ያ ነገር እንደሚወጣ ያስተምሩ ነበር። ፈረንሳዊው ላቮዋዚዬ ደግሞ የለም፣ የሚወጣ ሳይሆን ከአየር የሚገባ ነገር አለ፤ እርሱም ኦክሲጅን ነው አለ። የሚያስገርመው ይህን አየር በ1774 በሙከራ ለይቶ ያገኘው ራሱ ፕሪስትሊ መሆኑ ነው፤ ዳሩ ግን ፍሎጂስተን የተለየው አየር ብሎ ሰየመውና በአሮጌው ትምህርት ጸና። ዳርዊን በ1790ዎቹ መጀመሪያ አዲሱን ትምህርት ተቀብሎ በግጥም መጽሐፉ ሳይቀር አስገባው። ፕሪስትሊ አልተቀበለም። ዛሬ ትክክለኛው ማን እንደ ነበረ የአንደኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ያውቀዋል። ቢሆንም ወዳጆቹ አልራቁትም፤ ዌጅውድና ጎልተን ለሙከራው የሚሆን ገንዘብ ይረዱት ነበር። አስቡት፤ ተሳስቷል የሚባለው ሰው ስሕተቱን በሙከራ ይደግፍ ዘንድ ገንዘብ ማዋጣት! በአንጣሎ ለራስ ድልን ይሰጧቸው ነበር፤ በበርሚንግሃም ለፕሪስትሊ ድሉን ነፍገው መሣሪያውን ሰጡት። ከሁለቱ የትኛው ከፍ ያለ ወዳጅነት እንደ ሆነ ለእኛ ጥርጥር የለውም።

እነዚህን ሰዎች መላእክት ማድረግ ግን አይገባም። ስሞል በ1775 ሲሞት በስፍራው እንዲመጣ ዳርዊን የጠቆመው ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ ሐኪም ነበር። ዊዘሪንግ ፎክስግሎቭ የተባለውን ተክል ለዓመታት በሕመምተኞች ላይ መርምሮ በ1785 ዝነኛ መጽሐፉን አሳተመ፤ ከዚያ ተክል የተገኘው የልብ መድኀኒት እስከ ዛሬ በሐኪሞች እጅ አለ። ዳርዊንም ስለዚሁ ተክል ጽፎ ነበርና የመጀመሪያው ክብር የማን ነው በሚለው ነገር ሁለቱ ተቃቃሩ፤ ጠቡም እየከረረ ሄደ። ሁለቱም ለሐኪምነታቸው ዋጋ የሚቀበሉ፣ ስማቸው እንጀራቸው የሆነ ሰዎች ነበሩ። ስለ አየር ወይም ስለ ድንጋይ ሲሆን የሚስቁት ወዳጆች በመድኀኒቱ ላይ መሣቅ አልቻሉም፤ ጨዋታው በዚያ ላይ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ከዚህ የሚብስ ጉድለትም አለ። ዌጅውድ በ1787 በሰንሰለት የታሰረ ጥቁር ሰው ተንበርክኮ የሚታይበትን የሸክላ ምስል እየሠራ በባሪያ ንግድ ላይ ሕዝብን ያነሣሣ ነበር። ጎልተን የሚሠራቸው ጠመንጃዎች ደግሞ ወደ አፍሪካ ጠረፍ የሚላኩ ነበሩ፤ በዚያም ሰው ይገዛባቸው ነበር። ሁለቱ በአንድ ማዕድ ይቀመጡ ነበር። ፖለቲካን አናነሣም የሚለው ስምምነት ሰላምን ጠበቀ፤ ነገር ግን ለሰላሙ ዋጋ የከፈሉት በዚያ ማዕድ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። እኛ አፍሪካውያን ይህን ሳንናገር ልናልፍ አይገባንም።

ሐምሌ 14 ቀን 1791 የፈረንሳይ አብዮት ሁለተኛ ዓመት በበርሚንግሃም አንድ ሆቴል በግብዣ ሲከበር ሕዝብ ተቈጥቶ ተነሣ። ፕሪስትሊ ከግብዣው አልነበረም። በቤቱ ራቱን በልቶ እንደ ልማዱ ባክጋሞን የተባለውን የሠሌዳ ጨዋታ ሊጫወት ሲዘጋጅ፣ ወጣቶች በሩን እየደበደቡ ሕዝቡ እየመጣ መሆኑን ነገሩት። አመለጠ፤ ቤቱ፣ መጻሕፍቱና የሙከራ ክፍሉ ግን ጠፉ። ዋትና ቦልተን ፋብሪካቸውን ለመጠበቅ ሠራተኞቻቸውን አስታጠቁ፤ የዊዘሪንግም ቤት ለጥቂት ተረፈ። ሕዝቡ የሚጮኸው በቤተ ክርስቲያንና በንጉሥ ስም ነበር። በዚያን ሌሊት ችቦ ከያዙት መካከል ከፕሪስትሊ ጋራ አንድ ቀን ተቀምጦ የተከራከረ አልነበረም ብንል ብዙ የምንስት አይመስለንም።

ፕሪስትሊ ወደ በርሚንግሃም ተመልሶ አልኖረም። በ1793 ስለ አየርና ስለ ውኃ የጻፈውን መጽሐፍ ለጨረቃ ማኅበር ወዳጆቹ መታሰቢያ አደረገው። በ1794 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ግዛት ኖርዝአምበርላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀመጠ። በዚያም የሙከራ ክፍል ሠርቶ በ1800 ፍሎጂስተን እውነት መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያ ጊዜ ትምህርቱን የሚደግፍ ሊቅ ከእርሱ በቀር አልቀረም ማለት ይቻላል። በ1804 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ አሳቡን አልለወጠም። የሙከራ መሣሪያ በከተማይቱ ነበረው፤ መጻሕፍትም ነበሩት፤ ጨረቃዋም በየወሩ ትሞላ ነበር። ሰኞ ማታ በሯን አንኳኩቶ «ተሳስተሃል» የሚለው ሰው ግን ከባሕር ማዶ ነበር።