አድናቂና ደጋፊ በሀገረ ሕይወት

«አድናቂ» የሚለው ቃል ዛሬ ከ«ደጋፊ» ጋር ተደበላልቋል። የኳስ ቡድን ተከታይም፣ የዘፋኝ ወዳጅም፣ የደራሲ አንባቢም በሁለቱም ስም ይጠራሉ። ልዩነቱ ሊጠበቅ ይገባል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ከቋንቋው ይነሣል። «ደነቀኝ» ስንል አድራጊው ነገሩ ነው፤ መደነቁ ሰውየው ላይ ሳያስበው ይመጣበታል። «አደነቅሁ» ስንል ግን አድራጊው ሰውየው ራሱ ነው፤ አይቶና መዝኖ ፍርዱን ሰጥቷል። ደጋፊ በበኩሉ ስሙ እንደሚለው ሊወድቅ የሚችለውን ደግፎ የሚያቆም ነው፤ ቡድኑ በተሸነፈ ቀን ጥሎ ከሄደ ደጋፊ አልነበረም ይባላል። አድናቂ ይህ ዕዳ የለበትም። የሚያደንቀው ደራሲ ደካማ ሥራ ቢያወጣ «ይኸኛው አልሆነለትም» ማለት ይችላል፤ አድናቂነቱም አይፈርስም።

ልማዳችንም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። አዝማሪ ጌታውን ሲያሞግስ ሽልማት ይጠብቃል፤ ሙገሳው የውለታ ነው፣ እኔም አላቃልለውም፤ ከዓምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ ለነገሥታት የተገጠሙት መወድሶች ዛሬ ከጥንታዊው አማርኛ ቅርሶቻችን ዋነኞቹ ናቸውና። የማድነቅ ሥርዓት የሚገኘው ግን በቅኔ ቤት ነው። ባለቅኔው ቅኔ ሲዘርፍ ምሥጢሩ የገባው «ይበል!» ይላል። ሰሙን ከወርቁ ሳይለይ «ይበል» የሚል ሰው አላደነቀም፣ ተከተለ እንጂ። ታዲያ ማድነቅ የተማረ ሰው ብቻ ሀብት ሊሆን ነው? አይደለም። ፊደል ያልቆጠረ የጠጅ ቤት አድማጭ የአዝማሪን ቅኔ ከሊቁ ቀድሞ ሲፈታ የኖረበት አገር ነው። የሚያስፈልገው ሥራውን ማወቅ ነው፤ የትምህርት ማዕረግ አይደለም።

በዘመነ ኃይለ ሥላሴ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ ይህን የአድናቂና የደጋፊ ልዩነት ለመፈተን የምትመች ከተማ ናት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. በአቅራቢያዋ ቦዳ ተወለደ፤ አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ የአንኮበር ሰው ነበሩ፤ «እሳት ወይ አበባ» የተባለውን የግጥም መድበል የጻፈው፣ ሼክስፒርን ወደ አማርኛ የመለሰው እሱ ነው። ሀጫሉ ሁንዴሳም የአምቦ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛ ዘፈነ፣ ታሰረ፣ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተገድሎ አምቦ ተቀበረ። ኦሮምኛም ማድነቅን የሚጠራው «ድንቂ» ከሚለው ቃል በመጣ ስም ነው፤ ከአማርኛው «ድንቅ» ጋር ዝምድናው ግልጽ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ቃል እያደነቁ፣ የሁለቱ ሰዎች ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው «የእኛ ነው» ለማለት ነው። ይህ የደጋፊ ንግግር ነው።

የሀጫሉ ዘፈኖች ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. በነበረው የኦሮሞ ተቃውሞ የብዙ ወጣት ድምፅ ስለ ነበሩ፣ እዚህ ማድነቅን ከመደገፍ መለየት አይቻልም የሚል ይኖራል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ የትግል ዘፈን ደጋፊ ይፈልጋል፣ የሞተለትም አለ። ሆኖም ዘፈኑን ከዘመኑ በኋላ የሚያቆየው ግጥሙንና ዜማውን ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ ነው። ስለዚህ ጸጋዬን አደንቃለሁ የሚል ሰው አንድ ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር ያንብብ፤ ኦሮምኛ የማይሰማ የሀጫሉ አድናቂም ቋንቋውን የሚያውቅ ጎረቤቱን የግጥሙን ፍች ይጠይቅ። የአምቦና የምዕራብ ሸዋ መምህራንም ሁለቱን በአንድ ክፍል፣ በየቋንቋቸው ያስተምሩልን።