ከራዳር የተወለደው ምድጃ

ማይክሮዌቭ የተባለው ምድጃ መነሻው ማድ ቤት ሳይሆን የጦርነት መሣሪያ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር፣ ትምህርቱን በልጅነቱ ያቋረጠው ፐርሲ ስፔንሰር የራዳር ሞገድ በሚያመነጨው ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ በኪሱ የነበረው ጣፋጭ እንደ ቀለጠበት ይነገራል። ነገሩን ንቆ አላለፈም፤ መረመረው። ኩባንያው ሬይቴዎን በ1947 ያወጣው የመጀመሪያው ምድጃ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዐይነት በ1967 ለገበያ ቀረበ።

ምድጃው ቢያንስም ጠባዩ አልተለወጠም። ሞገዱ ወደ ምግቡ የሚዘልቀው ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ የወጡ ዳር ሲፍለቀለቅ መካከሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ሊቀር፣ የበሽታ ተሐዋስያንም በዚያ ሊተርፉ ይችላሉ።

ስለዚህ ከሥራ ገብቶ ያደረ ወጥ የሚያሞቅ ሰው ከብረት ዕቃ ይጠንቀቅ፤ ለምድጃው በተፈቀደ ሳሕን አድርጎ ይክደነው፤ በመካከሉ አውጥቶ ያማስለው፤ ከሞቀም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ያቆየው። ሙቀቱ በሁሉም ወገን 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይገባዋል።

መሐንዲሶች ከሃያ ዓመት በላይ ደክመው ፍጥነቱን ሰጡን፤ ማማሰሉን ግን ለእጃችን ትተውልናል።